ፍልፈሉን ፍለጋ

ጅማ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት በካታሎግ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ እንኳ አይቻልም። በስጦታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በካርቶን ኮሪደሩን ሞልተውታል። የእኔ ሥራ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በአማርኛ ካርድ ላይ አስፍሬ የመደብ ቁጥር መስጠት ነው። ማንበብማ የት ተደርሶ! የጀርባውን ሽፋን ገረፍ ገረፍ አደርግና ወደ ቀጣዩ።

አንዱ ሽፋን ላይ ሁለት ወንዶች ሻይ ይጠጣሉ። ጀርባው «ፓርትነር» ይላል፤ ሸሪክ አልኩ። ሳሎናቸው ውስጥ «ባግ» (bug) ተገኘ ይላል፤ ነፍሳት። አንድ ቦታ «ሞል» (mole) ገብቷል ይላል፤ ፍልፈል። ካርዱ ላይ «ሁለት ሸሪኮች ከነፍሳትና ከፍልፈል ጋር ያደረጉት ትግል፤ አዝናኝ አቀራረብ» ብዬ ጻፍኩና በዲዊ አመዳደብ 632 ሰጠሁት፤ የሰብል ተባይና በሽታ። (መዝገበ ቃላቱ እኮ ፊቴ ተቀምጧል።)

ጅማ ላይ ደግሞ 632 አቧራ የሚጠጣ መደርደሪያ አይደለም። አገሩ ቡና ነው፤ ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ወዲህ ስለ ተባይና በሽታ የማይጠይቅ ባለ ቡና የለም። መጽሐፉን በሳምንቱ አጋሮ በኩል ማሳ ያላቸው ጡረተኛ የግብርና መምህር ተዋሱት።

በአምስተኛው ቀን ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይሄን ካርድ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሸሪኮች ያልሻቸው አንድ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት። ፍቅረኛሞች ናቸው። ነፍሳት ያልሺው አበባ ማስቀመጫ ውስጥ የተደበቀ ማዳመጫ ነው። ፍልፈሉም ሰው ነው፤ ሰርጎ ገብ ሰላይ!»

ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነበው ሰውዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊያችን «ፍቅረኛሞች» የምትለዋን ሰምቶ ከቢሮው ብቅ አለ፤ መጽሐፉ ይነሳ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፣ አለ። ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ልብ ወለድ ላነበበ ምን የሚል ነገር አለው?»

ኃላፊያችን የሰጋው ከሕጉ ይልቅ ወሬውን መሰለኝ። «እንግዲያው ልብ ወለዶቹ ጋ፣ ታችኛው ላይ» ብሎ ተመልሶ ገባ።

632ን ሰርዤ 823፣ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ ጻፍኩ፤ ደራሲው እንግሊዛዊ መሆኑንም ያን ዕለት ነው ያየሁት። የቀረውን ጋሼ ቆመው እየነገሩኝ አሰፈርኩ፦ «በፍቅር አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶች ሳያስቡት የስለላ ጣጣ ውስጥ ይዘፈቃሉ። አስቂኝ የምርመራ ልብ ወለድ።»

«ፍልፈሉ ማነው ታዲያ?» አልኳቸው፣ እስክሪብቶዬን ደግኜ።

«የታችኛው ቤት...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጃንጥላቸውን አነሱ። «እኔ አምስት ቀን ቆፍሬ ነው ያገኘሁት። አንቺም ቆፍሪ።»