«ተመችቶሻል» ሲሉኝ ታምሜ ነበር

እኛ አገር ሰው ሲወፍር የሚባለው ይታወቃል። «ውይ፣ ተመችቶሻል!» እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመችቶኝ ከረምኩ። ቢሮ ተመችቶሻል፣ ለቅሶ ቤት ተመችቶሻል። የጥምቀት ዕለት ከስንት ዘመን በኋላ የተገናኘን የድሮ ጓደኛዬ ጉንጬን ቆንጥጣ «ባልሽ ምን እያበላሽ ነው?» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር የምበላው ከበፊቱ ያነሰ ነበር፤ እንጀራዬን አጋምሼ ነው ከገበታ የምነሳው። ኪሎዬ ግን ከ58 ተነስቶ 71 ገባ። ጠዋት ጠዋት ፊቴ አብጦ፣ ዓይኔ ሥር ተነፋፍቶ እነሳለሁ። እሱንም ሰው «ፊትሽ ሞላ» ይለዋል።

ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ የደረሰብኝን ነው።

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ይበርዳል፣ እሱስ ይሁን። እኔን የበረደኝ በመጋቢት ነው። የቢሮ ልጆች ሙቀቱን አልቻልነውም ብለው መስኮት ይከፍታሉ፣ እኔ ተነስቼ እዘጋለሁ፣ እነሱ ይከፍታሉ። በመጨረሻ ጋቢ ይዤ መግባት ጀመርኩ። ከዚያ እንቅልፍ መጣ። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ተኝቼም ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝና «ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። እህቴ ሹሩባ ልትሠራኝ ተቀምጣ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ሳታሳየኝ ስትደብቅ አይቻታለሁ። ተረከዜ ተሰነጣጠቀ፣ ሆዴ ደርቆ ሽንት ቤት በአራት ቀን አንዴ ሆነ፣ የወር አበባዬ በዛ፣ ድምፄ ጎረነነ። ስልክ አንስቼ «አቤት» ስል ባለቤቴን አገኘሁ ብሎ «ሰላም ነው ጋሼ» ያለኝ ሰው አለ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን መርሳቱ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ አሁን ያየውን ቁጥር ገጽ እስኪገልጥ ከረሳ ምን ዋጋ አለው?

ጥፋቴ ምን ነበር፣ ሁሉንም ለየብቻ አየኋቸውና ለእያንዳንዳቸው ሰበብ አገኘሁላቸው። ፀጉሩን በካውያ አመካኘሁ። እንቅልፉን በልጅ፣ ብርዱን በደም ማነስ፣ መርሳቱን በሥራ ብዛት። መነጫነጬንና ያለ ምክንያት ማልቀሴን ደግሞ ባለቤቴ ላይ አሳበብኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሐኪም ቤት አልሄድኩም እንዳትሉ፣ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ የሁላችንንም የቤት ስም ነገረኝ፦ ታይፎይድና ታይፈስ። አሥር ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ደም ማነስ አለ፣ እሱ እንኳን እውነቱን ነው፣ የብረት ክኒን አዘዘልኝ። ግን ደሜ ለምን እንዳነሰ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

አራተኛው ጋ አንድ ወጣት ሐኪም አጋጠመኝ። የልብ ምቴን ቆጠረ፣ በደቂቃ 52። «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» አለኝ። እኔ! ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ መሃል ላይ ቆሜ የምተነፍሰው! ከዚያ ውሃ በብርጭቆ ሰጥቶ «ጎንጨት በይና ዋጪ» ብሎ አንገቴን ከፊት አየ፣ ከኋላዬ ዞሮ በጣቶቹ ዳሰሰ። የቁርጭምጭሚቴን ጅማት በትንሽ መዶሻ ነገር መታ መታ አደረገና እግሬ ቀስ ብሎ ሲመለስ አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የጠየቀኝን አልረሳውም። «ቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው አለ?»

አያቴ! ጎጃም ነው ያደገችው። አንገቷ ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ነበራት። ዙሪያውን ደግሞ በረድፍ በረድፍ ተነቅሳለች፤ ንቅሳቱ ለውበትም ነው፣ እንቅርቱ እንዳያድግም ነው ትለን ነበር። በሰፈሯ ብዙ ሴቶች እንደዚያው ስለነበሩ በሽታ ነው ብሎ ያየው የለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን ስንተርት የኖርን ሕዝብ ነን፣ እንቅርት ግን ከምን እንደሚመጣ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

የአያቴ እንቅርት ሳይሆን አይቀርም ከአዮዲን እጥረት የመጣው። ታይሮይድ አንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ያለች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ዘመን ከዘመን እያጠበው አዮዲኑ ሄዷል። ዕጢዋ ያችኑ ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች። ለዚህ ነው ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ እናቴ ጨው ስትገዛ ቆሻሻው ይልቀቅ ብላ ታጥበውና ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። አዮዲኑ በውሃም በፀሐይም ይሄዳል። አሁን ክዳን ባለው ዕቃ ነው የምናስቀምጠው፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ነው የምንጨምረው።

የእኔ ግን ከጨው አልነበረም። የደም ምርመራው ሲመጣ ቲኤስኤች 46 ሆነ፤ ደንበኛው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። እኔ ሞኟ «ስለዚህ በዝቶብኛል ማለት ነው?» አልኩት። ሐኪሙ እንዲህ አስረዳኝ። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም፣ ከጭንቅላት የሚመጣ ትእዛዝ ነው። ሠራተኛው ሲለግም አለቃው ይጮኻል፤ 46 የአለቃው ጩኸት ነው። ሠራተኛዋ ለምን ለገመች? የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ዕጢዋን እንደ ጠላት እየወጋት ነበር። ሐሺሞቶ ይባላል፣ በ1912 እ.ኤ.አ. በጻፈው የጃፓን ሐኪም ስም። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ዘርም ውስጥ ይሄዳል።

ቤት ደርሼ ለእናቴ «ታይሮይድ ነው» አልኳት። «ተመስገን፣ ታይፎይድማ በመድኃኒት ይድናል» አለችኝ። ታይሮይድ እማዬ፣ በ«ሮ»! «ያው ነው» አለች።

ሌቮታይሮክሲን የሚባል፣ ዕጢዋ መሥራት ያቃታትን ሆርሞን የሚተካ ክኒን፣ 50 ማይክሮግራም ታዘዘልኝ። ስምንት ሳምንት ዋጥኩና ተመርምሬ 31 ሆነ። ሐኪሙ ብዙ ይወርዳል ብሎ ጠብቆ ነበር። «እንዴት ነው የምትወስጂው?» አለኝ። እንዴት ነው ደግሞ? ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር፣ ከብረት ክኒኔ ጋር አንድ ላይ ጉርስ አድርጌ፣ በቡና። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀት አወጣ። ይህ ክኒን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው። ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት። ቡናም እንደዚያው፣ ከክኒኑ ጋር ከተጠጣ መድኃኒቱ አንጀት ላይ ሳይመጠጥ ያልፋል። ብረትና ካልሲየም ደግሞ አራት ሰዓት ይራቁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱን በብረትና በቡና ሳጥበው ነበር ማለት ነው።

ቡናውን በአንድ ሰዓት ማዘግየት ለእኔ ከበሽታው የከበደ ነበር፣ አልዋሽም። ያኔ እናቴ ማልዳ ታፈላ ነበር፣ ሽታው መኝታ ቤት ይገባ ነበር። መፍትሔዬ የስልክ ማንቂያ ሆነ። 11 ተኩል ላይ ይጮኻል፣ ራስጌዬ ካለው ውሃ ጋር እውጣለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ስነሳ ጊዜው ደርሷል። ብረቱን ማታ አደረግኩት። በቀጣዩ ምርመራ 12፣ መጠኑ ወደ 75 ከዚያ ወደ 100 ከፍ ሲል ደግሞ 2.1 ገባ።

ጾሙስ? የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፣ «መድኃኒት ምግብ አይደለም ልጄ፣ ከነውሃው ውሰጂ» አሉኝ። እንዲያውም ሁዳዴ ለዚህ ክኒን የተፈጠረ ነው፣ ቁርስ የለ ምን የለ። እናቴ ፀበል ካልሄድሽ ስትለኝም አልተጣላንም፤ ፀበሉም በባዶ ሆድ ነው፣ ክኒኑም። የታችኛው በር ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ እሷም ይሄው መድኃኒት አላት። በረመዳን ካፈጠረች ከሦስት ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ነው የምትወስደው። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። አምስት ወር ሲሞላኝ ሰው ሆንኩ። ፀጉሬ አቆጠቆጠ፣ መስኮት መዝጋት ተውኩ፣ ቁጥር ተመለሰልኝ። ታዲያ ዳንኩ አልኩና ክኒኑን ተውኩት። ለማንም አልነገርኩም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልሆንኩም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። በሦስተኛው ወር ጋቢዬ ቢሮ ተመለሰ። ቲኤስኤች እንደገና 40 አለፈ። የተሻለኝ ክኒኑን ስለዋጥኩ ነበር፣ ዕጢዋ እንደሆነች ያው ለግማ ነበር። ያን ቀን ሐኪሙ አልተቆጣኝም፣ «መነጽር ያደረገ ሰው አየሁ ብሎ መነጽሩን ይጥላል?» ብቻ አለኝ።

ሌላው ጉዴ የፀጉር ቫይታሚን ነው። ፀጉሬ ቶሎ ይመለስ ብዬ ባዮቲን ገዝቼ በላይ በላዩ እወስድ ነበር። በአንዱ ምርመራ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ መድኃኒቱ የበዛብኝ መሰለ፣ መጠኑ ሊቀነስ ነበር። እኔ ግን እንቅልፌም ብርዱም አልለቀቀኝም ነበር። ለካ ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል። ለጥቂት ቀናት አቁሜ ስመረመር እውነተኛው ቁጥር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ስቀመጥ የምውጠውን ሁሉ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ እዘረዝራለሁ። ቨርጂኒያ ያለችው የባለቤቴ እህት ደግሞ «ለታይሮይድ ጥሩ ነው» ብላ ከባሕር አረም የተሠራ የአዮዲን ክኒን ላከችልኝ። ፍቅሯን ተቀብዬ ክኒኑን አስቀመጥኩት፤ ሐሺሞቶ ላለበት ሰው የበዛ አዮዲን ሊያባብስ ይችላል። አሁን ከእሷ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ሰው በመጣ ቁጥር በሐኪም ወረቀት የታዘዘልኝኑ ትልክልኛለች። ፋብሪካው ሲቀየር ማሸጊያው ላይ ማይክሮግራሙን አያለሁ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቼም እመረመራለሁ።

ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ምርመራው እርግዝናውን እንዳሳየ በሳምንቱ ሐኪም ጋ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፣ ስለዚህ መጠኑ ወደ 125 ከፍ አለ። ከወለድኩ በኋላ ወደ ድሮው ተመለሰ። ልጁ ደህና ነው፣ ይኸው ኪቦርዱን ካልነካሁ እያለኝ ነው።

ሳልጠቅሳት የማላልፋት የአክስቴ ልጅ አለች። የእሷ የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። እንደ ጉድ ትበላለች፣ ትከሳለች። ብርድ ላይ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ተቀምጣ ልቧ ይመታል፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ቤተሰቡ ቡዳ ነው ብሎ ወር ሙሉ ሲያንከራትታት ከረመ። እሷ ዕጢዋ ከመጠን በላይ ትሠራ ነበር። የምትወስደው ማብረጃ መድኃኒት ነው፣ ለእሱም አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋታል፦ ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላ ሳትቀመጥ በዚያው ቀን ደሟን ትመርመር፣ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴል ያጠፋልና። አንገት ላይ የወጣ እብጠትም ሁሉ እንደ አያቴ ዝም ብሎ የሚኖር አይደለም። ቶሎ የሚያድግ፣ የሚጠነክር፣ መዋጥ የሚከለክል ከሆነ አልትራሳውንድ ተነሱ፣ ሲያስፈልግም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።

እኔ አሁን 61 ኪሎ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ክኒኔ ራስጌዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሙቀት እንዳያገኘው ከወጥ ቤት አርቄዋለሁ። እናቴ ከባሕር ዳር በደወለች ቁጥር «ታይፎይድሽ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ ማረም ትቻለሁ።

ባለፈው ጥር የዘመድ ሠርግ ላይ ያቺ ጉንጬን የቆነጠጠችው ጓደኛዬ ድንኳን በር ላይ አገኘችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እጄን ያዘችኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?»