ከምናለሽ ተራ የመጣችው ባለ 14 ላሜራ ሂት ኤክስቼንጀር፣ እስካሁን የደረስኩበት

ዕቃዋን የገዛኋት በኪሎ ነው። ሻጩ የራዲያተር ዘመድ መስላው ነበር፣ አልተሳሳተምም። 14 ስስ የስቴንለስ ላሜራ በሁለት ወፍራም ብረት መሀል ተደርድሮ በረጃጅም ቡሎን ታስሯል፣ በአንዱ ክፍተት ሙቅ ውሃ በሚቀጥለው ቀዝቃዛ እየገባ ሳይነካኩ ሙቀት ይቀባበላሉ፣ በቃ ይሄው ነው። ሪቻርድ ሴሊግማን እንግሊዝ አገር በ1923 እ.ኤ.አ. ለወተት ብሎ ለገበያ ካወጣው ወዲህ ዋናው ሐሳብ ብዙም አልተቀየረም።

እኔንም ያነሳሳኝ ወተት ነው። ሱሉልታ ላም የሚያረባ ጓደኛ አለኝ፣ ወተቱን 72 ዲግሪ አድርሶ 15 ሰከንድ አቆይቶ መልሶ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፣ ሂሳቡን ስንሰራው ግን የሚያስፈራው የማሞቂያው ወጪ ነው፣ ስለዚህ የሚወጣው ትኩስ ወተት የሚገባውን ቀዝቃዛ ቢያሞቅልንስ አልን። (ይቺን አሮጌ ግን ለወተት አልሰጠውም፣ ጓርኒሲዮኗን፣ ማለትም በላሜራዎቹ መሀል ያለውን ማሸጊያ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደነካው ማን ያውቃል፣ መማሪያዬ ናት።)

ሙከራው ግቢ ውስጥ ነው። አንድ በርሜል ውሃ በእንጨት 60 ዲግሪ አሞቃለሁ፣ አከራዬ መጀመሪያ ቀን "ጠላ ልትጠምቅ ነው እንዴ ልጄ?" አሉኝ፣ አሁን የሚወጣውን ለብ ያለ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ስለሚወስዱት ሰላም ነን። ቀዝቃዛው ከሮቶ ይወርዳል፣ 20 ዲግሪ ገደማ። ፍሰቱን የምለካው በጀሪካንና በስልክ ሰዓት ነው፣ 20 ሊትሯ ልክ በ2 ደቂቃ እስክትሞላ ቫልቩን እነካካለሁ፣ ማለትም በሁለቱም በኩል በደቂቃ 10 ሊትር።

የመጀመሪያው ሳምንት ባከነ። ሙቁ 15 ዲግሪ ሲያጣ ቀዝቃዛው ያገኘው 8 ብቻ፣ ፍሰቱ እኩል ከሆነ የጠፋውና የተገኘው መቀራረብ ነበረበት፣ 7 ዲግሪ የት ገባ ብዬ ስንት ቀን አምሽቻለሁ። ለካ ቴርሞሜትሮቹን ቱቦው ላይ በፕላስተር ብቻ ነው የለጠፍኳቸው፣ ንፋሱን ጭምር ነው የሚለኩት። ስፖንጅ ጠቅልዬ ሳስራቸው ቁጥሩ ታረቀ፣ ቀዝቃዛው ከ20 ተነስቶ 30.5 ላይ ይወጣል። ሙከራ የምትጀምሩ ካላችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ መጀመሪያ ይሄን ሚዛን አስታርቁ።

ከዚያ ቱቦዎቹ ሁለቱም ከአንድ ጫፍ እንደሚገቡ አየሁ። መጽሐፉ ሁሉ ካውንተር ፍሎው ይላል፣ ሙቁ ከላይ ሲገባ ቀዝቃዛው ከታች፣ ተቃራኒ። ቀየርኩና በጉጉት ለካሁ፣ 31። ግማሽ ዲግሪ! በጣም ነው የተናደድኩት፣ በኋላ ግን ሂሳቡ ገባኝ። እኩል ፍሰት ባለበት ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ የቱንም ያህል ትልቅ ዕቃ ቢሆን ቀዝቃዛው ከግማሽ መንገድ፣ ማለትም በእኔ ቁጥር ከ40 ዲግሪ፣ አያልፍም፣ እኔ ደግሞ ገና ከግማሹ በጣም ርቄ ስለነበርኩ የተቃራኒው ፍሰት ጥቅም የሚታይበት ቦታ አልደረስኩም።

ስፈታት ጉዱ ወጣ። ላሜራዎቹ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናውቀው ነጭ ኖራ ከቅባታማ ጭቃ ጋር ተጋግሯል፣ ከግማሽ ሚሊ አይበልጥም። ላሜራውም ግማሽ ሚሊ ነው፣ ግን ስቴንለሱ ከዚህ ቅርፊት ብዙ እጥፍ የተሻለ ሙቀት ያሳልፋል። ሰው ሁሉ "መዳብ ብታደርገው" ይለኛል፣ እኔ ግን አሰላሁት፣ በዚህ ፍሰት ሙቀቱን ከሚከለክለው ነገር ውስጥ የንጹህ ብረቱ ድርሻ ከመቶ 5 አይሞላም፣ የቀረው ግድግዳው ላይ የሚተኛው ሰነፍ ውሃ ነው፣ ከቆሸሸ ደግሞ ቆሻሻው።

ቅባቱን በሳሙና፣ ኖራውን ለብ ባለ 20 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ ዘፍዝፌ አወጣሁት፣ አረፋው ሲቆም ለስላሳ ብሩሽ። የሽቦ ብሩሽ አይነካም፣ በረኪና ደግሞ ጭራሽ፣ ክሎሪን ስቴንለስን ይበሳዋል።

መልሼ ገጠምኩና ለካሁ፣ 33። ያ ሁሉ ልፋት ለ2 ዲግሪ? ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ላሜራው ላይ የዓሣ አጥንት የሚመስል ሽንትር አለ፣ ሲደረደር አንዱ ቀጥ ብሎ ቀጣዩ ተገልብጦ መሄድ አለበት፣ ያኔ ሽንትሮቹ ይጠላለፉና ውሃውን ያምሱታል፣ ሙቅና ቀዝቃዛም አንድ አንድ ክፍተት እየዘለሉ ይገባሉ። እኔ ሁለት ላሜራ ሳልገለብጥ ገጥሜያለሁ፣ ስለዚህ ተከታታይ ክፍተቶች ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ውሃ ነው የሚሄደው፣ ከሚሰሩት 12 ላሜራዎች (ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ በአንድ ወገን ብቻ ውሃ ስለሚነካቸው አይቆጠሩም) 4ቱ ያለ ሥራ ቆመዋል። በትክክል ሲደረደር ከጎን ስታዩት ጠርዙ የማር እንጀራ ይመስላል፣ የእኔ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። አሁን ከመፍታቴ በፊት ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመር በቀለም እሰምርበታለሁ፣ አንዱ ከተሳሳተ መስመሩ ይሰበራል።

አስተካክዬ ስገጥም 37! በሙቁና በቀዝቃዛው መሀል ካለው የ40 ዲግሪ ልዩነት 17ቱን መለስኩ፣ ወደ 42 ከመቶ።

ስለ ማሰር አንድ ነገር፦ ሲያንጠባጥብ እጅ ወደ ችያቬው ይሮጣል፣ ጎረቤቴ መካኒኩም "ጨምርበት" ነው የሚለው። አትጨምሩ። ከመፍታቴ በፊት በሁለቱ ወፍራም ብረቶች መሀል ያለውን ርቀት ለክቼ ጽፌ ነበር፣ ከዚያ በታች ካጠበቃችሁት ላሜራው ይጨፈለቃል። የእኔ የሚያንጠባጥበው የጓርኒሲዮኑ ቦይ ውስጥ አሸዋ ቀርቶ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ለሙከራ 4 ላሜራ አውጥቼ በ10 ገጠምኩ፣ ከሚሰሩት ሲሶው ሄደ ማለት ነው፣ ያጣሁት ግን 1.5 ዲግሪ ብቻ፣ 35.5 ወጣ። ምክንያቱም ያው 10 ሊትር በጥቂት ክፍተት ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግድግዳው ላይ የተኛውን ሰነፍ ውሃ ይገርፈዋል። ዋጋው ግፊት ነው፣ ያንኑ 10 ሊትር ለማግኘት ቫልቮቹን በጣም መክፈት ነበረብኝ። ነገሩን ስትገለብጡት ደግሞ ላሜራ ዝም ብሎ መጨመር እንደሚታሰበው አይከፍልም ማለት ነው።

የወተት ፋብሪካዎች 90 ከመቶ ይመልሳሉ፣ ለዚያ አሁን ካለኝ የማስተላለፍ አቅም ወደ 12 እጥፍ ያስፈልገኛል። ጎን ለጎን በመደርደር አይደረስም፣ ውሃው ሄዶ ተመልሶ ደጋግሞ እንዲያልፍ፣ አንዳንዶቹ ላሜራዎች ቀዳዳቸው የተደፈነ መሆን አለበት። እንደዚያ ዓይነት የለኝም። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ፣ ሻጩ "ሁለተኛዋም ነበረች፣ ጓዳ ሳትሆን አትቀርም" ብሎኛል።