ለመስሪያ ቤታችን የፒዲኤፍ መክፈቻ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ቢሮ ውስጥ "ይሄ ፒዲኤፍ አልከፍት አለኝ" ሲባል ሁሉም ሰው ቶሎ የሚያስበው ሌላ ሶፍትዌር መጫን ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የማየው ሰውዬ ነኝ፣ ከልምዴ የምነግራችሁ አብዛኛው ጣጣ ያለው መክፈቻው ላይ ሳይሆን ፋይሉ ሲሰራ ነው። ለማንኛውም እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ፣ ሌላ ወረዳ ላይም ተመሳሳይ ችግር እንዳለ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ያለውን ነገር አየሁ። አንዱ ማሽን ላይ የድሮ አዶቤ ሪደር፣ ሌላው ላይ የሙከራ ጊዜው አልቆ በየገጹ ማህተም የሚመታ ኤዲተር፣ ሌላው ላይ ደግሞ ኤጅ ብራውዘር ነው የሚከፍተው። አንድ ሰርኩላር በየክፍሉ የተለያየ ሆኖ ይታያል ማለት ነው፣ እና ማሽኖቹ ራማቸው ትንሽ ስለሆነ ከባድ ፕሮግራም ሲከፈት ስራው ሁሉ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ምንም ሳልጭን በፊት ሰዎቹን ጠየቅኩ፣ በፋይሉ ምንድነው የምታደርጉት ብዬ። አብዛኛው ማንበብና ፕሪንት ማድረግ ብቻ ነው።

ለነሱ ሱማትራ ፒዲኤፍን መረጥኩ። ነፃ ነው፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፣ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ደግሞ ሳይጫን የሚሰራ ፖርተብል የሚባል አለው። እኛ ጋ ኔትወርክ መጣ ሄደ ስለሚል ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ደህና ኔት ባለበት ከራሱ ከዋናው ድረገጽ አንዴ አውርደህ በፍላሽ ለሁሉም ታዳርሳለህ። አዶቤ ሪደርን ግን ጨርሼ አላጠፋሁትም፣ ፋይናንስና የሰው ሀብት ላይ ተውኩት፣ ምክንያቱም ሱማትራ በኮምፒውተር የሚሞላ ፎርም ላይ አያስሞላም። አንዳንድ ፎርም ደግሞ በሌላ መክፈቻ ስትከፍተው "እባክዎ ይጠብቁ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ብቻ አሳይቶ ይቀራል፣ ቢጠብቁት ቢጠብቁት አይመጣም፣ እሱ አዶቤ ይፈልጋል። ይሄን የማያውቅ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ያስልካል።

ከዛ ዲፎልቱን፣ ማለትም ፋይሉ ሲነካ በራሱ የሚከፍተውን ፕሮግራም፣ ማስተካከል ነው። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኦፕን ዊዝ፣ ሱማትራን መርጦ "ሁልጊዜ" የሚለውን መንካት። ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ አንዳንዴ ወደ ኤጅ ሊመልሰው ይችላል፣ ስለዚህ ይሄን ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ማሽን በራሱ እጅ አሰራሁት፣ እኔን እየጠበቀ እንዳይቀመጥ።

ትልቁ ነገር ግን ፎንት ነው። መዝገብ ቤት ያሉ አንድ ጋሼ ጠሩኝና "ልጄ፣ ይሄ ደብዳቤ ፈረንጅኛ ሆነብኝ እኮ፣ የላኩት ሰዎች ግን በአማርኛ ነው የጻፍነው ይላሉ" አሉኝ። እውነትም የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። በአዶቤ ሪደር ከፍቼ ኮንትሮል ዲ ስጫን ፕሮፐርቲስ መጣ፣ ፎንትስ የሚለው ላይ የፎንቱ ስም አለ፣ አጠገቡ ግን "ኢምቤድድ" የሚል የለም። ነገሩ እዛ ላይ ነው ያለው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነው፣ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ካልገባና አንባቢው ማሽን ላይም ከሌለ ከስር ያለው ላቲን ወጥቶ ይታያል። የትኛውንም መክፈቻ ብትቀያይር አይድንም። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የርሶም የኮምፒውተሩም አይደለም" አልኳቸውና ለላኪው ደውለን ከዎርድ ላይ ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ ሲያደርግ ኦፕሽንስ ገብቶ ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሚሆን የፒዲኤፍ ዓይነት) የሚለውን እንዲመርጥ ነገርነው፣ እሱ ሲመረጥ ፎንቱ አብሮ ይገባል። ተመልሶ ሲመጣ ጥርት ብሎ ተነበበ።

ፎንቱ ቢገባም ግን በድሮው ፎንት የተጻፈ ፋይል ውስጥ "ይዞታ" ብለህ ብትፈልግ አያገኝልህም፣ ለዓይን አማርኛ ነው ከስር ግን አይደለም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው፣ ያን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም በድሮው መጻፍ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የገበሬው የይዞታ ጉዳይ በኋላ ተፈልጎ ሲጠፋ የሚጉላላው ከገጠር በእግሩ የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ደብዳቤ በሙሉ በኒያላ ወይ በሌላ የዩኒኮድ ፎንት እንዲጻፍ ከሀላፊዎች ጋር ተነጋግረን ተስማማን።

ስካን ላይ ደግሞ ለተራ ደብዳቤ 200 ወይ 300 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ) ጥቁርና ነጭ ይበቃል፣ በከለር 600 አድርጎ ኢሜይል አልሄድ አለ ማለት አያስፈልግም። ስካን ፎቶ ስለሆነ እንዳለ ውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ስለዚህ የፋይሉ ስም ላይ ዓመተ ምህረቱን፣ የደብዳቤ ቁጥሩንና ጉዳዩን እንጽፋለን።

ፍላሽ ላይ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻ ስሙን ይደብቃል፣ እና የፒዲኤፍ ምስል ለብሶ ኤግዚ (ሲነካ የሚነሳ ፕሮግራም) የሆነ ቫይረስ ይመጣል። ፎልደር ላይ ቪው ገብታችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አብሩት፣ እኔ ሁሉም ማሽን ላይ አብርቼዋለሁ፣ አሁን ሰዎቹ ራሳቸው ከመክፈታቸው በፊት ጠርተው ያሳዩኛል።

የቀረኝ ከተማ ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት የጽህፈት ቤቶች ናቸው። በፍላሽ የሚመጣው ብዙው ፋይል ከነሱ ነው፣ ለአንዳንዶቹ ፒዲኤፍ/ኤውን አሳይቻቸው ጀምረዋል፣ መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አያቸዋለሁ።