የማይነስ 1 ምክንያት

ዛሬ ማምሻውን የእህቴን ልጅ ሒሳብ ሳስጠናት፣ ቀጤ ነክ የሆኑ (በ90 ዲግሪ የሚገናኙ) ሁለት መስመሮች ስሎፖቻቸው (መስመሩ ወደ ላይ የወጣበት መጠን ወደ ቀኝ ለሄደበት መጠን ሲካፈል የሚገኙት ቁጥሮች) ሲባዙ ውጤቱ ለምን -1 እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ምክንያቱ ግን ደብተሯ ላይ አልተጻፈም። ባለካሬ ወረቀት ላይ 3 ካሬ ወደ ቀኝ ሄዶ 2 ካሬ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሰመርንና ወረቀቱን 90 ዲግሪ ወደ ግራ ስናዞረው፣ ወደ ቀኝ የነበረው 3 ወደ ላይ፣ ወደ ላይ የነበረው 2 ደግሞ ወደ ግራ ዞረ። 2/3 የነበረው ስሎፕ -3/2 ሆነ ማለት ነው፤ ክፍልፋዩ የተገለበጠውም ሆነ የመቀነስ ምልክቱ የመጣው ከዚሁ ዙረት ነው። (ይህን ሳያሳዩ ቀመሩን ብቻ ማሸምደድ፣ በእኔ እምነት፣ ተማሪን መበደል ነው።) አግድም መስመርና ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ግን ቀጤ ነክ ቢሆኑም፣ የቆመው ስሎፕ ስለሌለው የብዜቱ ደንብ አይሠራባቸውም፤ ይህንንስ እሷው ራሷ ደረሰችበት።