ኤችአይቪ በደማቸው ለሚገኝ ሰዎች የቆየ የወገብ ሕመምን በእንቅስቃሴ ማከም

ወገቡን ከሦስት ወር በላይ ያመመው ሰው ሲመጣ ከስፖርቱ በፊት የማጣራው ቲቢን ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሲጀምር ተራ የወገብ ሕመም ይመስላል፤ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የመከሰት ዕድሉ ከፍ ይላል። ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው፣ የከሳ፣ ተኝቶም የማይሻለው ወይም አንዱ የጀርባ አጥንቱ ጎልቶ የወጣ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ የማሠራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፣ ተንበርክኮ በእጅ ተደግፎ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት፣ እጅ ሳይደግፉ ከወንበር መነሳት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 5 ሰከንድ እየተያዙ 6 ጊዜ፣ ወንበሩ 8 ጊዜ፤ በሳምንት 3 ቀን። በቀሪዎቹ ቀናት የ10 ደቂቃ እርምጃ፤ በየሳምንቱ 2 ደቂቃ እየጨመረ እስከ 30። እየተራመዱ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል።

መቀመጫ ሲነሳ የጭን ጀርባ ከጨመደደ እግሩ ርቋል፤ ተረከዙን ወደ መቀመጫው አስጠጋለሁ። እግር ሲዘረጋ ወገብ ከሰረጎደ ደግሞ ከፍታው ስለበዛ ነው፤ ጣቶቹን መሬት ላይ እያንሸራተተ ይዘርጋ። ትንፋሽ መያዝ የለም።

ከ10 ነጥብ እስከ 4 የሚደርስ ሕመም አያስደነግጠኝም፣ በማግስቱ ከረገበ። ካልረገበ ቁጥሩን በግማሽ እቀንሳለሁ እንጂ አላስቆምም። ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ደህና የዋሉበት ቀን ነው፦ የከረመው ልብስ ሁሉ ባንዴ ይታጠባል፣ ማግስቱ አልጋ ላይ ያልፋል። ስለዚህ መጠኑን የምወስነው በቁጥር ነው፤ ጥሩ ቀንም ቢሆን አይታለፍም።

ቲኤልዲ (ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ የያዘው የኤችአይቪ ክኒን) ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር የአጥንትን ጥግግት ይቀንሳል። አጥንቱ የሳሳ ሰው በጀርባ ተኝቶ ወገብን እያጠፉ ቁጭ የሚባልበትን ስፖርት አይሥራ፤ ጎብጦ ጀሪካን አያንሳ። ከዳሌው ታጥፎ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ በ5 ሊትር ይጀምር። ካልሲየም የሚወስድ ከሆነ ከምግብ ጋር እስከሆነ ድረስ ከቲኤልዲው ጋር አብሮ መዋጥ ይችላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ቲኤልዲው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ፤ አለዚያ በክኒኑ ውስጥ ያለው ሌላው መድኃኒት፣ ዶሉቴግራቪር፣ በደንብ ወደ ደም አይገባም።

ከሁሉም በላይ የምከላከለው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥን ነው። ከቴኖፎቪር ጋር ሲደረብ ኩላሊትን ይጎዳል።