ውሃ የምትጠጣው መኪናዬ

ለስምንት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ውሃ ሳጠጣ ኖርኩ። ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ኮፈኑን ዘግቼ ወደ ሥራ። ሰው ሲጠይቀኝ «የኔዋ ውሃ ትወዳለች» እል ነበር፤ ጠባይዋ ይመስል። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ነበረኝ። በየጠዋቱ ኮፈን የሚከፍት ስንት ሰው አለ?

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከካዝና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ቢጎድል ከኪሴ እየሞላሁ ዝም አልልም። «የት ሄደ?» ብዬ ቢሮውን አምሳለሁ። መኪናዬን ግን አንድም ቀን ይህን ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

ውሃው የሚዞርበት መንገድ ዝግ ነው። ከሞተሩ ሙቀት ይቀበላል፣ ራዲያተር ላይ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይዞራል። ጤነኛ መኪና ላይ ቢጎድል በወራት ትንሽ ነው። በየቀኑ ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፦ ከላላ ማኒኮቶ (ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ)፣ ከተቀደደ ራዲያተር፣ ካረጀ የውሃ ፓምፕ። ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባም አለ፤ እሱ መሬት ላይ ጠብታ እንኳን አይተውም። የኔው ከፓምፑ ነበር የሚያመልጠው። ኋላ ሳየው ፓምፑ ሥር የደረቀ ነጭ መስመር ቁልቁል ወርዷል፣ ያለቀሰ ሰው ጉንጭ ይመስላል። እኔ በየቀኑ ከዚያ ስንዝር ርቄ ቆሜ ነበር ውሃ የምሞላው።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳገት ላይ ሰልፍ ያዘኝ። የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። «ዳገቱን ልጨርስና» አልኩ። እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ ይቺ «ልጨርስና» ናት። አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያው ነዳሁ። የቆምኩት እንፋሎቱ በኮፈኑ ጠርዝ ሲወጣ ነው። ወርጄ በጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል፣ ከኋላዬ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር «ተዪው! ተዪው!» እያለ ሮጦ መጣና እጄን ያዘኝ። ፊቴን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ውስጥ ግፊት ስላለ ውሃው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎም አይፈላም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ይለቅና ውሃው እዚያው ፈልቶ ወደ ላይ ይፈነጥቃል። ሞተሩን አጥፍቶ በደንብ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም አይሆንም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጋራዥ ስንደርስ መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ አሳየኝ። ዘይቱ ወተት የነካው ቡና መስሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ ደግሞ የሸክላ ቀለም ነበረው፤ ስምንት ወር ሙሉ የቧንቧ ውሃ ስሞላበት ዝገት የሚከላከለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ ቀጥኖ ቀጥኖ አልቋል፣ ዝገቱ ገብቷል። «ስንት ጊዜሽ ነው ውሃ መጨመር ከጀመርሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ምንም አላለም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ደብተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተራ ደብተር ነው፣ ከእስክሪብቶ ጋር የበሩ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስት አምድ አለው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የጎደለውና የጨመርኩት። ሌላ ጥበብ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አሥር ደቂቃ እሰጠዋለሁ።

መጀመሪያ ዘይት። መኪናዋ ሜዳ ላይ መቆም አለባት። ሞተሩ ሠርቶ ከነበረ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ዘንጓ መጀመሪያ ስትመዘዝ ትዋሻለች፤ የተረጨ ዘይት ከፍ ብሎ ይታይባታል። በጨርቅ ጠርጎ፣ እስከ መጨረሻው መልሶ ከትቶ፣ እንደገና መምዘዝ ነው። ሁለት ምልክት አለ፤ ዘይቱ በመሃላቸው ከሆነ ሰላም ነው። በብዙ መኪኖች ከታችኛው እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ግማሽ ላይ እያለ አንድ ሊትር የሚገለብጥ ሰው አበዛው። የሚሽከረከረው ብረት ትርፉን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሞተር አያለሰልስም። ጠቆረ ብዬ አልደነግጥም፤ ናፍጣ መኪና ላይ በተለይ አዲስ ዘይት ወዲያው ነው የሚጠቁረው። የምደነግጠው ወደ ወተት ሲያደላ ነው፤ እሱን አንዴ አይቼዋለሁ።

የዘይቷ ቀይ መብራት እየነዱ ከበራች ግን ደብተርም ዘንግም ኋላ ይደርሳል። እሷ የምትናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው። ጥግ ይዞ ወዲያው ማጥፋት። «ልጨርስና» የለም።

የፍሬን ዘይት ላይ ያንኑ የውሃውን ስህተት ልደግመው ነበር። ወደ ታችኛው መስመር ወርዶ አየሁትና ጠርሙስ አነሳሁ። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን በዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የወረደው። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ አሳየኝ፦ የፍሬን ሸራው አልቆ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። ሸራው ሲሳሳ እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደፊት ይወጣል፣ ዘይቱ ይከተለዋል፣ እላይ ዕቃው ውስጥ ይጎድላል። ብሞላው ኖሮ ምልክቱን በገዛ እጄ አጠፋው ነበር። አዲስ ሸራ ሲገባ ዘይቱ ራሱ ወደ ቦታው ወጣ። (ባንዴ የወረደ ከሆነ ግን ፍሳሽ ነው፤ እሱን መኪና መንዳት አይቻልም።) በዚያው ዘይቱንም ቀየርነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲቆይ በቀላሉ የሚፈላ ይሆናል፤ ብዙ መኪኖች ላይ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

ጎማ ላይ ለዓመታት ጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር እያየሁ ነበር የማስነፋው። እሱ ከፍተኛው ነው። የመኪናዋ ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ምልክት ላይ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞችም ማንበብ ለምጃለሁ። አንዲት ጓደኛዬ «አዲስ ነው» ተብላ የገዛችው ላይ 1416 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 14ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም። ስኮርት ጎማም መለካትን አትርሱ፤ የኔው ስለካው ትራስ ሆኖ ነበር።

የታይሚንግ ቺንጋን (ፒስተንና ቫልቭ ተራቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገውን ቀበቶ) በዓይን ማየት አልችልም፣ ስለዚህ ለኪሎ ሜትሩ ነው የምታዘዘው። ስንት ላይ እንደሚቀየር የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ደብተሩ ሽፋን ላይ ቁጥሩን በቀይ ጽፌዋለሁ።

ካለፈው ጥገና ወዲህ ውሃ ጎደለ ብዬ የጻፍኩት አንዴ ብቻ ነው። የግራ የፊት ጎማዬ ግን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሁለት ሁለት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጎድሎ ተጽፏል። ሚስማር ይሁን ካላማዳሪያው (የውስጥ ጎማው) ገና አላየሁም። ሰኞ ጠዋት ጎሚስታ ጋ ነኝ።