ታጣፊ ሳይክል፣ ቪትዝ መኪና እና የአባቴ መጫኛ

ልጄ ሳይክል መንዳት የተማረችው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በወር አንድ እሁድ ነው። «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ አስፋልቶች ለመኪና በሚዘጉበት ጠዋት። ሰፈራችን ዳገት ነው። ኮብልስቶኑም ለትንሽ ጎማ አይመችም። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ትጠብቃለች። የ2012 ገናን ደብረ ብርሃን አያቷ ጋ እንደምናሳልፍ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አባ፣ እዛ ሜዳ ነው አይደል?»

ሜዳ ነው። እኔ ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ሳይክሏን ይዘን ለመሄድ የወሰንነው በዚያች ደቂቃ ነው።

ሳይክሏ ታጣፊ ናት። ጎማዋ 20 ኢንች፣ ክብደቷ 13 ኪሎ ገደማ። ወገቧ ላይ ማጠፊያ አላት። መሪዋ ወደ ታች ይተኛል፣ ኮርቻዋ ይወርዳል፣ ፔዳሎቿ ይሰበሰባሉ። ታጥፋ ስለካት 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 65 ከፍታ፣ 40 ውፍረት ሆነች። መኪናችን ደግሞ ቪትዝ ናት። ቪትዝ የነዳ ሰው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያውቃል። እኛ አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመቷ ልጄና የ6 ዓመቱ ወንድሟ። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የብርድ ልብስ ጥቅልና ለእናቴ የገዛነው ዕቃም አለ።

ጎረቤቴ «ፖርቶመጋላ አስገጥምና ላዩ ላይ እሰራት» አለኝ። አስቤበት ነበር። ግን ታጣፊ ሳይክል ለዚያ የተሠራች አይደለችም። ብዙዎቹ የሳይክል ማሰሪያዎች የተሠሩት ለሙሉ ሳይክል ብረቶች ነው። የእኛዋ እነዚያ ብረቶች የሏትም፤ አንድ ዝቅ ያለ ወፍራም ብረት ብቻ ነው ያላት። መሀሉ ላይ ደግሞ ማጠፊያው አለ። ንፋስ ሲወዘውዛት የሚጎዳው ያ ማጠፊያ ነው። ውጭ የተሰቀለ ዕቃ ደግሞ ቁርስ ለመብላት በቆምን ቁጥር ጠባቂ ይፈልጋል። የመታጠፏ ጥቅሙ ውስጥ መግባቷ ስለሆነ ውስጥ ትግባ አልኩ።

ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሻንጣዎቹን መጀመሪያ ጫንኩ። ብርድ ልብሱን ደረብኩ። ሳይክሏን በመጨረሻ፣ ከሁሉም በላይ አስተኛኋት። የኋላውን በር ስዘጋው ተዘጋ። «ገባች!» ብዬ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ግን የኋላ መስታወቱን አየችና «በኋላ በኩል ምንም አይታይህም እኮ» አለችኝ። በጎን መስታወቶቹ እነዳለሁ አልኳት። አልሰማኋትም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ቆምን። የገና ጾም ገና አልተፈታም ነበርና ሽሮ በላን። ለበዓሉ ብለን የሸኖ ለጋ ቅቤ ገዛን። ባለቤቴ ቅቤውን እግሯ ሥር አደረገችው። ከኋላማ ቦታ የለም።

ጫጫ ልንደርስ ስንል በጎች ወደ አስፋልቱ ወጡ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሜዳው ላይ ሲግጡ ቆይተው አንዷ ከዞረች ሁሉም ተከትለዋት ይሻገራሉ። በ60 ገደማ ነበር የምሄደው። ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናው ቆመ። ሳይክሏ ግን አልቆመችም።

ከሻንጣው ላይ ተንሸራታ የኋላ ወንበሩን ጀርባ ተሻገረች። መሪዋ በሁለቱ ልጆቼ መሀል ገባ። አንዱ ፔዳል የወንዱን ልጄን ራስ መደገፊያ መታውና ጨርቁን ቀደደው። ከጆሮው እስከዚያች ቀዳዳ አራት ጣት አይሞላም። በኋላ ጣቴን አስገብቼ አየሁት፤ ስፖንጁ ድረስ ዘልቋል። ልጁ አላለቀሰም። ዞር ብሎ ፔዳሏን አየና እኔን አየኝ።

13 ኪሎ ሲባል ትንሽ ይመስላል። አንድ ልጅ እንኳ ያነሳዋል። ግን መኪናው ሲቆም ዕቃው መኪናው ይሄድበት በነበረው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ነው። እኔ ደግሞ የፔዳል ጥርስና የመሪ ጫፍ ያለውን ብረት ከልጆቼ ማጅራት ኋላ፣ ከወንበሩ ጀርባ በላይ፣ ሳላስር አስቀምጫለሁ። ግጭት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

የበጎቹ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። በጎቻቸውን ሳይሆን እኛን ነው ያዩት።

«ተረፋችሁ? እግዜር ይመስገን።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። «ይሄ ብረት ሳይታሰር ነው እንዴ የመጣው፣ ልጄ?»

«አዎ አባቴ» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መንገድ ዳር አቁመን ሁሉንም አወረድን። ሳይክሏን ከታች፣ ሻንጣዎቹን በላይዋ አደረግን። ከዚያ በ40 እየነዳሁ ደብረ ብርሃን ገባን። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። ሳይክሏን ያስተኛኋት በካቴናው ጎን ነበር። ሻንጣው ሲጫናት የማርሽ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ታጠፈ። በማግስቱ ገበያው አጠገብ ያለ ሳይክል ሠሪ ልጅ በኪያቤ ቀስ አድርጎ አቃናልኝ። ታጣፊ ሳይክል መተኛት ካለባት ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ነው የሚሆነው። በላይዋም ምንም አይጫንም።

እናቴ ቤት ስንደርስ ነገሩን ልደብቃት ነበር። ልጄ ቀድማ ነገረቻት። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም። ቡና አፍልታ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የአባቴን መጫኛ ይዛለች።

መጫኛ ለማያውቅ ልንገር። አህያ ወይም በቅሎ ሲጫን ጭነቱ የሚታሰርበት የቆዳ ገመድ ነው። ይሄኛው ብዙ ዓመት ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ግን አልደረቀም፤ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። አባቴ ገብስና ባቄላ ከባላገር ሲያመጣ የሚያስርበት ነበር። ከሞተ ወዲህ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው።

«አባትህ አህያ ጭኖ ወዲያው አይነዳም» አለችኝ። «ጭነቱን ይዞ ይነቀንቀዋል። ጭነቱ ለብቻው ከተነቃነቀ ይፈታውና እንደገና ያስረዋል። አህያዋ አብራው ከተነቃነቀች፣ ያን ጊዜ ይሄዳል።»

ስለ ሳይክልና ስለ መኪና ከተነገረኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ውርጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የታኅሣሥ ጠዋቷ ጣት ያደነዝዛል። ሳይክሏ ግቢ ውስጥ አድራ ኮርቻዋ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። ልጄ በጣቷ ስሟን ጻፈችበት። እኔ ስዘረጋት ብረቱ እጅ ይይዛል። የወገቧን መቆለፊያ ስዘጋው «ቀጭ» ማለቱን በጆሮዬ ሰማሁ፤ ሁለተኛዋን የጥንቃቄ ቁልፍም መለስኳት። ከዚያ መሪውንና ኮርቻውን ይዤ፣ ለመስበር የምታገል ያህል ወዲያና ወዲህ ገፋሁት። ይህንን በዘረጋኋት ቁጥር አደርጋለሁ። መንገድ ላይ ስትንቀጠቀጥ የቆየች ሳይክል መቆለፊያዋ ላልቶ ሊሆን ይችላል። አቧራም ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል ወጣን። እኔ በእግሬ፣ እሷ በሳይክሏ። ገብሱ ታጭዷል፣ ክምሩ እዚህም እዚያም ቆሟል። መቶ ሜትር ነድታ ትቆምና ታለከልካለች። ከአዲስ አበባ ወደ 500 ሜትር ከፍ ብለናልና አየሩ ይሳሳል። ከዚያ እንደገና ትሄዳለች። ዳገት የለ፣ መኪና የለ፣ ወር መጠበቅ የለ። ስትመለስ አምስት የሰፈር ልጆች ተከትለዋታል። አንድ በአንድ አስነዳቻቸው። ኮርቻውን ለሁሉም ዝቅና ከፍ የምታደርገው ራሷ ነበረች። የእሷን ልክ እንዳትረሳ ኮርቻው ምሰሶ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌላታለሁ።

ከገና ማግስት ሳይክሏን ጭነን ወደ ጣርማ በር ሄድን። የምኒልክ መስኮት ላይ ቆመን ቆላውን አየን። ጭላዳዎች ሣር እየነቀሉ ይበሉ ነበር፤ ልጆቹ ከዚያ መነሳት እምቢ አሉ። ልጄ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ልንዳ አለች። ይህን አልፈቀድኩም። ጣሊያን የሠራው ዋሻ አለ፣ ጨለማ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ይበዛል። ከዚያም ሌላ የትንሽ ጎማ ነገር አለ። ፍሬኑ የሚይዘው የጎማውን ብረት ነው። ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደያዙ ሲወርዱ ቶሎ ይግላል። አኮረፈች። ማኩረፏን እመርጣለሁ። ሜዳማው በኩል ተመልሰን ግማሽ ሰዓት ያህል ነዳች።

የመልሱን ጭነት ግን በደንብ ልናገር፤ የተማርኩትን ያደረግሁት እዚያ ነውና። እናቴ እንደ ማንኛውም የሸዋ እናት መኪናውን ልትሞላው ተዘጋጅታ ነበር። ባቄላ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ጆንያ ድንች። እናት የሰጠችው ደግሞ አይመለስም።

ይህን ጊዜ ሳይክሏን መጀመሪያ አስገባሁ። የዕቃ መሸፈኛውን ጠፍጣፋ ክዳን አነሳሁና በጎማዎቿ አቆምኳት፤ ጀርባዋን ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ጋር አጣበቅሁት። 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የወሰደችው። እንዲህ ስትቆም ከወንበሩ ጀርባ በላይ አትወጣም። ፔዳሎቹና ካቴናው ወደ ኋላው በር እንዲዞሩ አደረግሁ፣ ከልጆቹ ወዲያ። ካቴናውን የማዳበሪያ ጆንያ አለበስኩት፤ ግራሶው ሲመጣ የልጆቹን ነጭ ልብስ አበላሽቶት ነበር። በእሷና በወንበሩ መሀል አሮጌ ባና አስገባሁ። የሱፍ ወፍራም ስለሆነ ብረቱን ይይዘዋል፤ ከምንም ስፖንጅ ይሻላል።

ከዚያ ማሰሩ ነው። በእኔ መኪና የኋላ ወንበሩ ጀርባ ታች ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። መጫኛውን ከአንዱ አስገብቼ፣ በሳይክሏ ወፍራም ብረት ዞሬ፣ በሌላው አወጣሁና ሳብኩት። የፍሬን ሽቦዎቹን እንዳያንቃቸው በጣቴ ወደ ጎን እየገፋሁ። መሪዋን ብቻውን በአሮጌ የካላማዳሪያ ቁራጭ ከጎማዋ ጋር አሰርኩት፤ ማጠፊያው ላልቶ ብቻውን እንዳይወናጨፍ። ድንቹና ባቄላው ከፊት ወንበሮች ኋላ፣ ወለሉ ላይ ሄደ። ከባዱ ከታች። ሻንጣዎቹ ከሳይክሏ ኋላ ገቡ፣ ከመስታወቱ በታች ቀሩ። በዚህ ዓይነት የኋላውን መንገድ ከኮረብታው እስከ አጥሩ አየሁት።

እናቴ መጣችና እጇን ሳይክሏ ላይ አደረገች። ነቀነቀቻት። ሳይክሏ ትንሽ ተንቀሳቀሰች።

«ፍታው» አለችኝ።

ፈታሁት። እንደገና አሰርኩት፤ ጉልበቴን ወንበሩ ላይ አድርጌ እየሳብኩ። እንደገና ነቀነቀችው። አሁን መኪናው በጎማዎቹ ላይ ወዘወዝ አለ።

«በሉ ሂዱ» አለች። «እግዚአብሔር ይከተላችሁ።»

ጫጫ ስንቃረብ ልጄ ወደ ኋላ ዞራ እጇን በወንበሩ በላይ አሳልፋ መጫኛውን ያዘች። ያዢው ያላት የለም። ከተማዋን እስክናልፍ አልለቀቀችውም። በዚያን ቀን በጎቹ ሜዳው ላይ ነበሩ፣ ራቅ ብለው። ሽማግሌውን ፈልጌ አጣኋቸው።

ማታ እናቴ ደወለች። ልጆቹ ደህና መድረሳቸውን ጠየቀች። ድንቹ እንዳይቀጠቀጥ አደራ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«መጫኛው እዛው ይሁን» አለችኝ። «እዚህ የሚጭንበት የለም። ብቻ በየጊዜው ቅቤ አስነካው።»

ከሸኖው ቅቤ የተረፈች ነበረች። በዚያው ማታ ልጄ እንደ ወፍራም ክር በጣቶቿ እያሳለፈች ቀባችው።